በረዶ የወሰደው ወንድሜ

ወንድሜ ከኖርዌይ ለእረፍት የመጣ ዕለት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ የነበረው ሰው ሁሉ አንጋጦ የሚያየው የአውቶቡሱን ጣሪያ ነበር። ከሻንጣና ከቆርቆሮ ጥቅል መሃል፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች በገመድ ታስረዋል። ተሸካሚዎቹ አውርደው ሲያገላብጧቸው ቆዩና አንዱ፣ "ጌታዬ፣ የአልጋ ነው?" ሲል ጠየቀው።

"የእግር ነው። እግሬ ላይ አስሬ በረዶ ላይ የምሸራተትበት" አለ ወንድሜ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትምህርት በዝቶበት ነካ አድርጎታል ያሉ ይመስለኛል። እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ስለነበር ምንም ቢሉ ግድ አልነበረኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ወንድሜ ስለ ደን ሊማር በመንግሥት ወጪ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእሱና በእኔ መሃል የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱ ለእናትና ለአባቴ የቀረናቸው እሱና እኔ ነበርን። አባቴ ሌሞ ውስጥ፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ፣ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ሰው ነው። ያን ቀን በጋሪ ቤት ስንደርስ እናቴ በራፉ ላይ ቆማ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለች። ከዚያ ቅቤ የበዛበት የቡላ ገንፎ፣ አተካና፣ አቀረበችለትና እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጣ አየችው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ጣውላዎቹን ተሸክሞ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ግጦሽ ወጣ። ክረምት ስለነበር ሣሩ ረጥቧል። አባቴ በትሩን ተደግፎ፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተከተሉን።

"መጀመሪያ የሚመረጠው ጫማው ነው" አለኝ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ። "ሰው ጣውላው ሲያምር አይቶ ይገዛል። ጫማው ከሰፋሽ ግን እግርሽ አንድ ወገን፣ ጣውላው ሌላ ወገን ይሄዳል። ከጠበበሽ ደግሞ ደምሽ አይዘዋወርም፣ ብርዱ ጣትሽን ይበላዋል። ለጀማሪ ተውሶ መሞከር ይሻላል። ልብስም ከሥር ጥጥ አይለበስም፤ ላብሽን ይዞ ያቀዘቅዝሻል። ሱፍ ነው።"

"ቦታውስ እንዴት ይመረጣል?"

"ቁልቁለቱ ረጋ ያለ፣ ታቹ ሰፊ ሜዳ የሆነ። ጎበዝ ለመባል ትልቁ ተራራ ላይ የሚወጣ አለ። እኔ ከመውጣቴ በፊት የአገሩን ሰው እጠይቃለሁ። ትናንት ምን ያህል ወረደ? ነፋሱ በየት በኩል ነበር? አዲስ በረዶ በብዛት ከወረደ ቀጥ ባለ ተራራ ሥር አይታለፍም፣ ከላይ ተንዶ ይመጣል። ምልክት ከተተከለበት መንገድም አይወጣም። ብቻን ደግሞ በጭራሽ።"

አባቴ እስከዚያ ይሰማ ነበር። እሱ የሚያውቀው በረዶ ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ገብስ የሚያረግፈውን ነው። "በረዶ ላይ ሰው እንዴት ይቆማል?" አለው።

"አባዬ፣ ይሄ ሌላ ነው። ቡላ ይመስላል፣ ነጭና ለስላሳ። ሲወርድ ድምፅ እንኳ የለውም።"

ይህን ብሎ ተንደረደረ። ጥቂት እንደሄደ ጣውላው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና በጎኑ ተዘረጋ። እናቴ ደረቷን መትታ ጮኸች። እሱ እዚያው እንደተኛ እየሳቀ፣ "አያችሁ! እንዲህ በጎን ነው የሚወደቀው" አለ። አባቴ ሳቀ። በትሩን ጥሎ፣ እንባው እስኪፈስ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እሱን እንደዚያ ሲስቅ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ኖርዌይ ሊመለስ ሲል እናቴ፣ "ልጄ፣ ይሄን ነገር ተወው። በእግርህ ሂድ" ብላ ለመነችው። "እጠነቀቃለሁ፣ እማዬ" አላት። ጣውላዎቹን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

መርዶው የመጣው በሚቀጥለው ዓመት በበጋ ነው። ማለዳ አባቴ በሬዎቹን ሊያወጣ ሲል ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በአጥሩ በር ገቡ። ማንም አፉን ሳይከፍት አባቴ፣ "ልጄ ነው?" አለ። ፓስተሩ አንገቱን ደፋ።

እንደ ሌላ ለቅሶ አልነበረም። የሚገነዝ የለ፣ የሚቆፈር የለ። እዚያው አገር ተቀብሯል አሉን። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እጆቿን ትዘረጋለች፣ መልሳ ትሰበስባቸዋለች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ፣ "በምን ሞተ?" ይላል። "በረዶ" ሲባል፣ "በረዶ መታው? ሰው ይገድላል እንዴ?" ይላል። ከቤታችን ስለዚያ በረዶ የምታውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና ለእያንዳንዱ ማስረዳቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከተራራ ላይ ይናዳል፣ ከሥሩ ያለውን ይቀብራል እላለሁ። በሃዲይኛ እላለሁ፣ ከከተማ ለመጡት በአማርኛ እላለሁ። ስደጋግመው ስለ ሌላ ሰው የማወራ እየመሰለኝ መጣ።

ለቅሶው ሲበተን አባቴ ጠራኝ።

"ለአንቺ ነግሮሻል። ድምፅ የለውም አላለም?"

"ብሏል።"

"እንግዲያው ሲመጣበት አልሰማውም።"

ሲናድ እንደሚያጓራ ወንድሜ ነግሮኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩና የአባቴን ፊት ሳይ አቃተኝ። ጣውላዎቹን በዚያው ሳምንት አባቴ ወሰዳቸው፤ የት እንዳደረሳቸው አልጠየቅኩትም።

ከወራት በኋላ አንድ የውጭ አገር ወጣት እያነከሰ ወደ ቤታችን መጣ። ከወንድሜ ጋር ይማር የነበረ ኖርዌያዊ ነው። እንግሊዝኛውን እየሰማሁ ለእናትና ለአባቴ የማስረዳው እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን አራት ሆነው ወጥተው ነበር። ሌሊቱን ብዙ በረዶ ወርዶ አድሯል። ወንድሜ ከምልክቱ እንዳይወጡ ነግሯቸዋል። ይህ ልጅ ግን አልሰማም፤ ለብቻው አልፎ ሄዶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ጮኸ። ወንድሜ ሌሎቹን፣ "እናንተ እዚህ ቆዩ፣ ሁላችንም አንግባ" ብሎ ብቻውን ሄደለት። ደርሶ፣ ክንዱን ይዞ ወደ አንድ ቋጥኝ ሥር ጎተተው፣ ጣውላውንም ፈታለት። ከዚያ ልጁ ሲወድቅ የጣለውን መደገፊያ ዘንግ ሊያመጣ ወደ ኋላ ተመለሰ። በረዶው የተናደው ያኔ ነው።

ልጁ እዚህ ሲደርስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አባቴ ግድግዳውን እያየ ነው።

እናቴ፣ "ጠይቂልኝ። በርዶት ነበር?" አለችኝ።

ጠየቅኩት። "አላውቅም። እኔን ሲጎትተኝ እጁ ይሞቅ ነበር" አለ።

ነገርኳት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የተሰበረውን እግሩን፣ ቀይ ዓይኖቹን። ልትጮህበት ነው ብዬ ፈራሁ። "ከሩቅ ነው የመጣው፣ ይብላ" አለችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ጓዳ ውስጥ ምግቡን እያዘጋጀች ድምፅዋን ውጣ ስታለቅስ ሰማኋት። ልጁም ሰምቷታል። ምግቡ ሲቀርብ ግን በላ፤ እሷ ፊቱ ተቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። ስለ መንገዳቸው ምንም አልነገረንም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አርሶ፣ ብዙ ሳይናገር አረፈ። እናቴ ተከተለችው። ሁለቱም የልጃቸውን መቃብር አላዩም፤ እኔም አላየሁም።

አባትና እናቴ በሕይወት ሳሉ አስተማሪ ሆኜ ዱራሜ ተመድቤ ነበር። ቤት ያከራየችኝ ትልቅ ሴትዮ ዕቃዬን እያስገባችልኝ ለጨዋታ ያህል፣ "ስንት ናችሁ፣ ልጄ?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኳት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

"ሌላዋ እህትሽ ናት?"

"ወንድሜ ነው። ውጭ አገር ነው ያለው።"

"እሰይ! ታዲያ መቼ ይመጣል?"

በያዝኩት ዕቃ ላይ ተደፍቼ፣ በለቅሶው ጊዜ በረዶን ሳስረዳ ያላለቀስኩትን ሁሉ በማላውቃት ሴት ደጃፍ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዬን ታሻሸኝ ነበር።