አማቴ ያወጡልኝ ስም

ባገባሁ ሰሞን የምንኖረው ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ፣ በአማቴ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበር። ግቢው ድሮ የባቄላ ማሳ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ዙሪያውን ጅምር ፎቅ ከቦት፣ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ የሚመጣው በባሕር ዛፍ ርብራብ መሃል ተሰነጣጥቆ ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጥና መልሶ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ሳስበው በእንቅልፍ ልቤ የኖርኩት ይመስለኛል።

በባሌ ቤተሰብ ልማድ አማት ለሙሽራ አዲስ ስም ታወጣለች። አማቴም በሦስተኛው ቀን በኦሮምኛ ያማረ ስም አወጡልኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ግን ያወጣችው እናቴ ናት፣ እሷም በሕይወት የለችም። ስለዚህ በአዲሱ ስም ሲጠሩኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ሦስት ጊዜ ይጠሩኛል፣ ከዚያ ራሳቸው ይመጣሉ።

«አልሰማሽም እንዴ ልጄ?»

«አልሰማሁም እማማ» እላለሁ። ሁለታችንም መስማቴን እናውቃለን።

ባሌ መሃል ቤት ተቸገረ። «አንዴ አቤት ብትያቸው ምን ትሆኛለሽ? ቤቱን ቤቴ አላለችም ብለው ሆድ ብሷቸዋል» ይለኛል። አቤት ካልኩ እናቴ ያሳደገቻት ልጅ የምትጠፋ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ግን ለእሱም አልነገርኩትም።

ሥራዬ ቦሌ ላለ አንድ ቢሮ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ዩኒክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኜ፣ ከአማቴ ስልክ ሽቦ በግቢው አሻግሬ፣ በሞደም ወደ ቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ እደውላለሁ። አማቴ በመሃል ስልኩን ያነሱና የሞደሙን ጩኸት ሲሰሙ «ዛሬም ጅብ ገብቶበታል» ብለው ቀስ አድርገው ያስቀምጡታል።

አንድ ችግር ግን አሰለቸኝ። ሳልደውል ዴስክቶፑ፣ መስኮቶች የሚከፈቱበት የስክሪኑ ገጽታ፣ ደህና ነው። መስመሩ በተገናኘ ቅጽበት አዲስ መስኮት አልከፍትም ይላል። አስቀድመው የተከፈቱት ይሠራሉ፤ ሌላ ልጨምር ስል እምቢ። ሞደሙን ቀየርኩ፣ ሲስተሙን እንደገና ጫንኩ፣ ሳምንት ሙሉ ራሴን ፈጀሁ።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዴስክቶፑን ትቼ በጽሑፍ ብቻ ወደሚሠራው ጥቁር ስክሪን ገባሁ። ፈዝዤ ሳይ፣ ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስመር ፊት ያለው የማሽኑ ስም ሌላ ሆኗል። ለካ የቢሮው ሰርቨር ለሚደውልለት ሁሉ ስም ይሰጣል፤ የእኔም ማሽን ዝም ብሎ ተቀብሏል። ዴስክቶፑ ደግሞ የሚያውቀው የድሮውን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ባለ አዲስ ስሙን ባዕድ ነው ብሎ ይከለክለዋል።

አዲሱን ስም አትቀበል ማለት እችል ነበር፤ መጀመሪያ እጄ የሄደውም ወደዚያው ነው። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መስኮት መክፈት የተፈቀደላቸው ስሞች በተጻፉበት የዴስክቶፑ ፋይል ላይ ከድሮው ስም ሥር አዲሱን ጨመርኩ። መስኮቱ ተከፈተ። ከድሮው ስም አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም። ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። ዛሬ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ አልኩ።

ዝናቡ ጀመረ። ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ስለነበር እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። ጠሩኝ፤ እናቴ ባወጣችልኝ ስም።

ወጥቼ ልብሱን አብረን ስንሰበስብ «እማማ፣ ያወጡልኝን ስም ምነው ተዉት?» አልኳቸው።

«ያንቺ ይሻላል ልጄ። እኔም የምጠራበት አማቴ ያወጡልኝ ነው። እናቴ ያወጣችልኝን የሚያውቅ ሁሉ አፈር ገባ። ላንቺም እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«በሁለቱም ይጥሩኝ፤ በሁለቱም እመጣለሁ» አልኩ። ከዚያ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። አጭር ስም ናት፣ የሕፃን ስም።

«እስቲ ጥሪኝ» አሉ።

ምራት አማቷን በስሟ መጥራት ነውር ነው። እሳቸው እርጥብ አንሶላ ታቅፈው፣ ዝናብ እየመታቸው ይጠብቃሉ። ጠራኋቸው።

«አቤት» አሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ፈጥነው፤ ከባቄላ ማሳ ማዶ እናታቸው የጠራቻቸው ይመስል።