ከድንጋዩ ጋር የተጣለው ጀርባ

ሙዚየሙ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ አጥንት ሲያጸዱ ብሩሽ ከእጃቸው ስለማይለይ ከአለቃ እስከ ዘበኛ «ጋሽ ብሩሽ» ይሏቸው ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ባለቤታቸው በር ላይ ያስቆሟቸውና ኮታቸውን እያራገፉ፣ «አቧራህን እዚያው ጨርሰህ ና፤ ለእኔ አታካፍለኝ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

በወጣትነታቸው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ተሰጣቸው። ቅጠል በል የሆነ የጥንት ዳይኖሰር ተቀብሮበታል። የያኔው አለቃ ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነበር፦ ልሙጡ አጥንት ነው፣ ሻካራው ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱን አንሣ። እንደተባሉት አደረጉ። በመሮ እየፈለጡ፣ በብሩሽ እየጠረጉ፣ ጥቂት የጎድን አጥንት፣ የእግር ስባሪና የመንጋጋ ቁራጭ እንደ መስተዋት አጥርተው አወጡ። አለቃው አገላብጠው አዩና፣ «እጅህ ይባረክ» አሏቸው። ፍርስራሹ በጋሪ ተግዞ ጓሮ ተደፋ፤ ኋላም የመኪና ማቆሚያው መደልደያ ሆነና አስፋልት ለበሰ።

ጠጉራቸው ሸብቶ ጡረታቸው በተቃረበበት ሰሞን አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጣች። መጋዘን ውስጥ ማንም ያልነካው የዚያው ቋጥኝ ሽራፊ አግኝታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። ጣቷን በሻካራው ገጽ ላይ እያስኬደች፣ ይህ ድንጋይ ሳይሆን የእንስሳው ጥሩር መሆኑን፣ ጀርባው በሙሉ ከቆዳው በበቀለ የአጥንት ሰሌዳ ተሸፍኖ እንደነበር አስረዳቻቸው። የዚህ ዓይነቱ ፍጥረት ከዚያ ቋጥኝ በቀር የትም አልተገኘም። በጀሶ አሠርታ አዳራሹ ውስጥ ልታቆመው ፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ቋጥኙን በእጅዎ የፈለጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰሌዳዎቹ እንዴት ነበር የተደረደሩት? ትልልቆቹ ወደ ትከሻው ነበሩ ወይስ ወደ ጭራው?»

ዐይናቸውን ጨፈን አደረጉ። የመሮው ድምፅ ትዝ አላቸው፤ የአለቃው ምርቃትም ትዝ አላቸው። ሌላ ምንም አልመጣላቸውም።

«አላየሁትማ፣ ልጄ» አሉ። «አጥንቱ ጋ ለመድረስ ስጣደፍ መች ልብ አልኩት።»

ያን ጊዜ ሁሉም እንዲሁ ይሠራ እንደነበር እየነገረች ልታጽናናቸው ሞከረች። እሳቸውም እውነትሽን ነው አሏት። ከምሳ በኋላ ግን አቀርቅረው የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ያያቸው ዘበኛ፣ ቁልፍ ጠፋዎት እንዴ ብሎ ቀለደባቸው። ፈገግ ብለው አለፉት።

የጀሶውን ሥራ እሳቸው ያዙና እግሩን፣ ጎኑንና መንጋጋውን አሳምረው ሠሩ። ጀርባው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ተመራማሪዋ መሰላሉን ያዘችላቸውና ያንን አንድ ሽራፊ አንሥተው ወጡ። ትከሻው ላይ ቢያስጠጉት ተስማማ። ወገቡ ላይ ቢያደርጉትም ተስማማ። ጭራው ሥር አሳርፈው አንገታቸውን ራቅ አድርገው አዩት፤ እዚያም የተፈጠረበት ቦታ ይመስላል።

«የት ልለጥፈው?» አሏት።

እሷም አንዴ ትከሻውን፣ አንዴ ጭራውን አየች። ሽራፊውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቀስ ብለው ወረዱ።