አባቴን በክላክስ የማውቅበት ዘመን

በቃሊቲ መንገድ የተሳቢ ክላክስ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር፣ ሽበቴንና ቦርጬን ረስቼ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ መሮጥ ይቃጣኛል። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የሰፈረ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከወደብ ሲመለስ በደጃችን ስለሚያልፍ፣ እኔና እህቴ ዘይነብ መንገድ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ቆመን እንጠብቀው ነበር። ቀይ መኪናውን ቀድሞ አይቶ እጁን ያውለበለበ ጋቢና ገብቶ እስከ መጋዘኑ ይሄዳል፤ ሕጋችን ይኸው ነበር። የእኔ ዓይን ግን እንኳን የሩቅ መኪና፣ የገዛ አፍንጫዬንም የሚያውቃት በወሬ ስለነበር፣ ክላክሱን ካልሰማሁ አባቴን ለይቼው አላውቅም።

በጋውን ሙሉ ቀይ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር እጄን እያውለበለብኩ፣ ሲሚንቶ የጫነውን፣ ከብት የጫነውን፣ አንዴም የእሳት አደጋ መኪናውን ሳይቀር ሰላም እል ነበር። ክረምት ገብቶ ዘይነብ ጉንፋን ይዟት ቤት የቀረች ዕለት ግን ጉድ ፈላ። የአባቴ ክላክስ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከማዶ ቆሞ በመስኮቱ ሲያውለበልብልኝ፣ እኔ እንደ ግድግዳ አየት አድርጌው፣ ከኋላው ወደ መጣው ሌላ ቀይ መኪና ሮጬ «አባዬ!» ብዬ ተንጠለጠልኩ።

«ኧረ እኔ ገና አላገባሁም፣ ጎረምሳው!» አለኝ ሹፌሩ።

አባቴ ይህን ሁሉ በስፖኪዮው አይቷል። ቤት ገብቶ የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ለእናቴ፣ «ልጄ ረሳኝ። መንገድ ለመንገድ ስባዝን ባዳ ሆንኩበት» ሲላት ሰማሁት። የሰው ሁሉ አባት እጅ እስኪጨብጥ ድረስ ጭጋግ ሆኖ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። ያዳነችኝ ከአልጋዋ ሆና የጮኸችው ዘይነብ ናት፤ «አባዬ፣ አልረሳህም እኮ! አይታየውም! ትምህርት ቤት ሰሌዳውን የማነብለት እኔ ነኝ!»

መስከረም ጠብቶ፣ አባቴ መሀል ከተማ ወስዶ ያሠራልኝን መነጽር አድርጌ ድንጋዬ ላይ ስቆም፣ ወላሂ፣ ዓለም ያን ዕለት የተፈጠረች መሰለኝ። የባሕር ዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ደመና የሚመስለኝ የረር ተራራ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ሽቦ ላይ ያሉት ወፎች ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ አየሁ ብል ጨመርክ አትበሉኝ። ከሁሉ በላይ ግን ከመታጠፊያው ብቅ ባለው ቀይ መኪና ውስጥ ሪዝ ነበረ፤ ሪዙ ሥር ፈገግታ ነበረ። አባቴ ከሩቅም ፊት አለው ለካ! አውለበለብኩ። እሱም ጋቢና አስገብቶኝ እስከ መጋዘኑ ድረስ ሰፈሩን በክላክስ አናወጠው።

እናቴ ግን «ዓይኑን የበላው ፀሐይና አቧራ ነው» ብላ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ከጨዋታ ከልክላ ቤት ትዘጋብኝ ነበር፤ መነጽሬም በየዓመቱ እየወፈረ የጠርሙስ ቂጥ አከለ።

ዘንድሮ የልጄ የሐያት ዓይን በእኔው መንገድ መሄድ ሲጀምር ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ የዓይን ጠብታና ለየት ያለ መነጽር አዝዛላት፣ «አይዞዎት፣ የሩቁ የሚደበዝዝባት ዓይኗ እንደ እንቁላል ወደ ኋላ እየረዘመ ስለሆነ ነው፤ ይሄ ጨርሶ ባያድናትም መርዘሙን ያዘገየዋል» አለችኝ። የእኔ ዓይን ያን ሁሉ ዘመን ከልካይ አጥቶ ሲረዝም፣ ለካ ልጓም የሚገባለት ነገር ኖሯል! ቀጥላ «ደግሞ በየቀኑ ደጅ ወጥታ በብርሃን ትጫወት» ስትል፣ እናቴ በሰማች ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

አሁን ከሥራ ስመለስ፣ ሐያት በሐኪም ትእዛዝ ደጅ ውላ፣ ድንጋዬ ላይ ከአባቴ ጋር ትጠብቀኛለች። ከታክሲ ስወርድ ከሩቅ ለይታ ታውለበልብልኛለች። ዓይኑ በእርጅና የደከመው አባቴም እሷን ተከትሎ ያውለበልባል፤ ግን ከፊቴ ለሚሄደው ለማላውቀው ሰው። ያኔ እሱ ተቀይሞኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቀየምም። መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ እንደ ተሳቢ ክላክስ እጮህለታለሁ፤ ይሄኔ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ያዞራል።