በራይን ወንዝ ላይ የወሰደኝ እንቅልፍ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሰው ስለ ጉዞው በጠየቀኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሰው ደግሞ መጠየቅ አይሰለቸውም።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ከሰዓት በኋላ ወጥታ አረጋውያን ስትንከባከብ ታመሻለች። ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብለን የጀመርነው ነበር፤ አድገው ከቤት ከወጡም በኋላ በዚያው ቀጠልን። እኔ ስነቃ እሷ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት በር ላይ ነው የተገናኘነው።

ትልቋ ልጃችን ሐና ሁኔታችን ቢያሳዝናት ጀርመን አገር የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ ያዘችልን። ወንዙ በጥንታዊ ግንቦችና በወይን እርሻዎች መካከል ያልፋል አሉ።

"ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ካንሰል አይደረግም። ሁለታችሁም ታይም ኦፍ ጠይቁ" አለችን።

ጽጌ ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ግንብ ከተባለ ሌላ አትሰማም። አውሮፕላኑ ላይ፣ "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ አብረን እንድናያቸው። እንዳትተኛብኝ!" አለችኝ።

"ምን ሆኜ እተኛለሁ?" አልኳት።

ተኛሁ። ምሳ ሲነሣ ዓይኔ ይከደናል፤ ቤታችን ቢሆን ጠዋት ከሥራ ገብቼ የምተኛበት ሰዓት ነዋ። የመጀመሪያውን ቀን ተኛሁ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ቀን ግንቦቹ የሚበዙበት ነበር። ሁለት ቡና ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ የመርከቡ ጣሪያ ላይ ከጽጌ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ግንብ በጣቷ ስታሳየኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም።

ስነቃ ጸጥ ብሏል። የጽጌ ሹራብ ደረቴ ላይ ተደርቧል። አርባ የሚሆኑ ፈረንጆች ዙሪያዬን ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። አስጎብኚው ማይክራፎኑን አጥፍቶ በየሰዉ ጆሮ ይናገራል። ጽጌ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ቆማለች። አንዱ ሳቅ ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ፕሊስ! ናይት ሺፍት!"

በሀፍረት መግቢያ አጣሁ። "ምነው ሳትቀሰቅሺኝ?" አልኳት።

"አስችሎኝ? ልጆቹን እንኳ በሹክሹክታ ነው ያሳደግኋቸው።"

"ግንቦቹስ?"

ዞር ብላ አየች። ወንዙ ሰፍቶ ዳርና ዳሩ ሜዳ ሆኗል።

"አለፉ እንዴ?" አለች።

አንዲት ተሳፋሪ ባልቴት ፎቶ አንስተውን ኖሮ በኋላ ላኩልን። ከላይ ግንቡ፣ ከታች አፌን ከፍቼ እኔ፣ መሐል ጀርባዋን ለግንቡ የሰጠች ጽጌ። ሳሎን ሰቅለነዋል። እንግዳ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤን ግን ያመኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀን ቀን ደህና የምተኛው ሰፈራችን ጸጥተኛ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

አሁንም ሌሊት እሠራለሁ፣ አሁንም ይደክመኛል። ግን ጠዋት ገብቼ ጋደም ስል እንደ ድሮው ቶሎ አይወስደኝም። ጽጌ ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ እያጠበች ነው። ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ምንም አይሰማም።