ለእህትሽ ቢሆንስ?

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት፤ የወለዱ እናቶች የሚያርፉበት ክፍል ኃላፊ። ጠይቃ ስለማትጠግብ የሥራ ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል።

የወለደች እናት አንድ ቀን ሙሉ እዚያው መተኛት አለባት፤ ደም ቢበዛባት ቶሎ እንዲደረስላት። እናቶቹ ግን ገና አልጋው ሳይሞቅ ሕፃናቸውን አቅፈው ውልቅ ይላሉ። አንዷማ ቤቷ ከገባች በኋላ ደም ፈሷት ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ እህቴ እንቅልፍ አጣች።

ሆስፒታሉ ሲመዘን ደግሞ ውጤቱ መቶ ከመቶ ነው። «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» የተባለች ሁሉ «ተመስገን» ትላለቻ! ነጭ ገዋን ለለበሰ ሰው ማን ቅሬታ ይናገራል?

አንድ ቀን ልጄን ገላውን ሳጥበው መጣች።

«አንቺስ ስትወልጂ ከኔ ክፍል ለምን ሮጠሽ ወጣሽ?»

«ኧረ ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝና።»

«ነርሷን እርሺያት፤ እህትሽ ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ እትዬ፦ መታጠብ አማረኝ። የመታጠቢያ ቤታችሁ በር ከውስጥ አይዘጋም። በአንድ እጄ በር፣ በአንድ እጄ ሳሙና፣ ሕፃኑንስ በምኔ ልያዘው? ሸረሪት ነኝ እንዴ?»

ከት ብላ ሳቀች።

በማግስቱ እናቶቹን የምትጠይቀውን ጥያቄ ለወጠችው፦ «እህትሽ እዚህ ልትወልድ ብትመጣ፣ ምን አስተካክሉላት ትያለሽ?»

ያኔ አፍ ሁሉ ተከፈተ። ለራሷ «ተመስገን» ያለችው ሁሉ ለእህቷ ሲሆን ጠበቃ ሆና ቁጭ! በሩ፣ መጋረጃው፣ ቁጡዋ አዋላጅ... ግን ከሁሉም በላይ በሩ።

አለቃዋ ዶክተር ተናደዱ። «ሲስተር፣ መቶውን ስልሳ አደረግሽብኝ! ሰው በገዛ እጁ ጉዱን ያወጣል?»

«ዶክተር፣ ትኩሳቱን ያመጣው ቴርሞሜትሩ አይደለም። አንድ ወር ይስጡኝ። እናቶቹ ካልቆዩ ቦታዬን እለቃለሁ።»

ለበሩ መቀርቀሪያ ተገጠመለት፤ መጋረጃም ተሰቀለ። አዋላጇን ለብቻዋ ወስዳ አነጋገረቻት፤ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ወሩ ሳይሞላ አብዛኞቹ እናቶች ቀኑን ሙሉ መቆየት ጀመሩ። ከነሱ አንዷ ታጥባ ጋደም ባለችበት ደም ይፈሳት ጀመር። እህቴና ያቺው አዋላጅ ተሯሩጠው አቆሙላት። ቤቷ ሄዳ ቢሆን ኖሮ... አፌን ቁርጥ ያርገው፣ አልጨርሰውም።

ዶክተሩ የሴትዮዋ አልጋ አጠገብ ቆመው ሁለቱንም፣ እናቲቱንና ሕፃኑን፣ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ሲስተር፣ የትም አትሄጂም» አሏት። «ይልቅ ይኼን አጠያየቅ ለሌሎቹ ክፍሎችም አስተምሪልኝ።»

እኔ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። ጉረኛ ይበሉኝ፤ እህቴ ናት!