«አመሰገነች» ያልኩበት ቀን

ሰው አድርስልኝ ብሎ የነገራችሁን ቃል አፍራችሁ ሳታደርሱት ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀርቻለሁ። ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ሳስተምር ነው። እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

የእጅ ቧንቧ ያለው የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ከውጭ አገር የተላከ መሐንዲስ መጣ። እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ጭቃ ሹሙ ወንዶቹን ሰበሰቡ። ከብት እንዳያበላሸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ይቆፈር ተባለ። እኔም ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተረጎምኩ።

ስንበተን ጎረቤቴ የሺ እንስራዋን እንዳዘለች እኔንና መሐንዲሱን መንገድ ላይ ጠበቀችን። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «መምህር፣ እኛ ሴቶች ከቅጥሩ የማንገባባቸው ቀናት አሉን። ያን ጊዜ ውሃ አይጠማንም? ለፈረንጁ ይንገሩልን» አለችኝ።

ላስረዳ። በዚያ መንደር ሴት በወር አበባዋ ጊዜ፣ እንዲሁም ወንድ ስትወልድ እስከ አርባ፣ ሴት ስትወልድ እስከ ሰማንያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። ይህን በእንግሊዝኛም ቢሆን መናገር አሳፈረኝ።

መሐንዲሱ ምን እንዳለች ጠየቀኝ።

«አመሰገነች» አልኩት።

እሱም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት፤ የተሰማላት መስሏት ፊቷ በደስታ በራ። የሺ ለሴቶቹ ሁሉ ፈረንጁ ሰምቶኛል ብላ እንዳወራች የሰማሁት በኋላ ነው።

ጉድጓዱ ከቅጥሩ ውስጥ ተቆፈረ። ክረምት ሲገባ የሺ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ውሃ ልትቀዳ ወደ ድሮው ምንጭ ወረደች። ቧንቧው ለባሏም ለእኔም ቅርብ ነበር፤ ግን ወንድ እንስራ አይሸከምም። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበርና ተንሸራታ ገደል ገባች። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቢቸና ስንገሰግስ መንገድ ላይ አረፈች።

መሐንዲሱ በዓመቱ ሲመለስ እውነቱን ነገርኩት። ከቅጥሩ በር ወጥቶ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ።

«ውሃው እዚህም ነበር» አለኝ።

አሁን ሞጣ ተዛውሬ አስተምራለሁ። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ምንጩ ላይ ያሉት ሴቶች፣ መምህሩ ሚስት የሚሰጣቸው አጡ እያሉ ይስቁብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ሽቅብ ስመለስ ግን የየሺ ደስ ያለው ፊት ይመጣብኛል።

እናንተም አንድ ቀን እንስራውን ተሸክማችሁ ሞክሩት። መንገድ ላይ ሴቶቹ የሚነግሯችሁንም፣ ቢያሳፍራችሁም፣ እንዳሉት አድርሱላቸው።