ጠርሙሱ ላይ ያለው ምልክት

እናቴ ለሦስት ወር ልትጠይቀኝ ኦስሎ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ወጥ ቤት ቆማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አገኘኋት።

«ይሄ ጠበል ከየትኛው ደብር ነው? ምላስ ይልጣል እኮ» አለችኝ።

የፕላስቲክ ጠርሙሱን ከእጇ ነጠቅኳት። ጠበል አልነበረም፤ የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያ ነው። አብራኝ ቢሮ የምታጸዳ ቻይናዊት ባልደረባዬ ከትልቁ ጀሪካን ቀንሳ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ሰጥታኝ ነበር። ደብቆ ማስቀመጥ ሲገባኝ መደርደሪያው ላይ የተውኩት እኔው ነኝ። ባልደረባዬ በጥቁር እስክሪብቶ በራሷ ፊደል አንድ ምልክት ጽፋበታለች፤ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም መስመር፣ መሀል ላይ የተሻገሩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ቀድታ የምትመጣው በእንዲህ ዓይነት ጠርሙስ ነው። መስቀል መስሏት፣ በባዶ ሆዷ ተሳልማ ጠጣችው።

የድንገተኛ ሕክምና ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት እንዳላስመልሳት፣ አፏን ብቻ እንዳጉመጠምጣት ነገረችኝና «በውሃ የተበረዘ ነው ወይስ ንጹሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ንጹሁ ከሆነ የእናቴ ጉሮሮ እንደሚቃጠል ግን ከድምጿ ገባኝ። አምቡላንስ ላከች። ባልደረባዬ ስልክ አታነሳም።

ምልክቱን የሚያነብልኝ ፍለጋ ጠርሙሱን ይዤ ደረጃውን ወደ ላይ ሮጥኩ። ከበላያችን ኮሪያዊ ባልና ጃፓናዊት ሚስቱ ይኖራሉ፤ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ገና ሲያየው «ሺፕ» አለ። እሷ ከትከሻው በላይ አጮልቃ «ጁ» አለች። የባሰ ግራ ገባኝ። ከዚያ ሁለቱም በኖርዌይኛ «አስር ማለት ነው» አሉኝ። የሦስቱም አገር ሰው ያነበዋል ለካ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ።

«የምን አስር?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ምን ያውቃሉ? አስር እጅ ውሃ ገብቶበታል ወይስ ገና ሊገባበት ነው? ይህን የምታውቀው የጻፈችው ብቻ ናት። እኔ እንኳን ፈርቼ ደህና ሆኜም ቁጡ ነኝ፤ ያ ጩኸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባልደረባዬ የደወለችው አምቡላንስ ውስጥ ሆነን ነው። «እጅሽን እንዳይጎዳሽ ብዬ አስር እጅ ውሃ ጨምሬበታለሁ» አለች። «ለገቫክት» የሚሉት የድንገተኛ ሕክምና ጣቢያ ስንደርስ ሐኪሟ የእናቴን አፍና ጉሮሮ መርምራ፣ ምላሷ ከመቅላቱ በቀር ደህና መሆኗን ነገረችን። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ወዲያው ደግሞ እናቴ ላይ ቱግ አልኩ።

«ሳትጠይቂኝ ያገኘሽውን ትጠጫለሽ? ምን አጣደፈሽ?»

እናቴ እጄን ያዘችና ከነጠላዋ ስር አስገብታ ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችው። ከጣቴ ስር ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ።

«አገር ቤት እያለሁ ነው የወጣብኝ» አለች። «እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ፣ ልጄ።»

ሐኪሟ እናቴ ያለችውን እንድተረጉምላት ታየኛለች። የፈራሁትን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ በየትኛውም አልወጣልኝም።